ለትልቁ ውል፥ ለትንሹ ተስፋ



«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ምሳሌ በአገራችን የኤሌክትሪክ ገበያ ላይ ብናውለው እውነቱ ገሃድ ይወጣል። ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ለመንግሥት ለመሸጥ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ትልቅ ኩባንያ በጽሑፍ ያለ ውል ያገኛል። በአንድ ወንዝ ላይ ትንሽ ተርባይን ተክሎ ለመንደሩ መብራት የሚሰጠው የገበሬዎች ማኅበር ግን፥ «የተረፈኝን ለዋናው መስመር ልሽጥ» ቢል የሚሰጠው በቃል ያለ ተስፋ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ስለዚህ አድልዎ ነው።

የምንጠይቀውም ነገር አንድ ብቻ ነው። አነስተኛ አመንጪ ሁሉ ደጅ ሳይጠና ሊፈርመው የሚችል፥ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ፥ በአደባባይ የታተመ አንድ መደበኛ የኃይል ግዢ ውል ይውጣ እንላለን። ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ከሕዝባችን ግማሽ ገደማ የሚሆነው ዛሬም መብራት በሌለበት አገር፥ ይህ ወረቀት መኖሩና አለመኖሩ የስንት መንደር ጨለማና ብርሃን ነው።

በመጀመሪያ ይህ ውል የሚባለው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የኃይል ግዢ ውል ማለት አመንጪው ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያቀርብ፥ ገዢው በምን ዋጋ እንደሚወስድ፥ ሒሳቡ በስንት ቀን እንደሚከፈልና ስምምነቱ ስንት ዓመት እንደሚጸና የሚወስን ሰነድ ነው። በሌላ ንግድ ያለ ውል መሸጥ ይቻላል። ገበሬው ጤፉን ገበያ ያወርዳል፤ አንዱ ነጋዴ ዋጋ ቢሰብርበት ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ ሁለተኛውም ቢከፋ ጤፉን በአህያው ጭኖ ወደ ጎተራው ይመልሳል። ኤሌክትሪክ ግን ጎተራ የለውም። ባትሪ ቢኖርም ዋጋው ውድ ነው፤ ዛሬ በተርባይኑ ሥር ያለፈ ውኃ ነገ አይመለስም። ገዢውም አንድ ነው። ምሰሶው የእርሱ፥ ሽቦው የእርሱ፥ ሰብስቴሽኑም የእርሱ ነው፤ የሚሸጠውን የሚለካው ቆጣሪ እንኳ ብዙ ጊዜ በእርሱ እጅ ነው። አንድ ነጋዴ ብቻ ባለበት ገበያ፥ ቁናውም በነጋዴው እጅ ሆኖ፥ ገበሬው «በነፃ ተስማምቶ ሸጠ» ቢባል ማን ያምናል? ስለዚህ በአንድ ገዢና በአንድ ትንሽ ሻጭ መካከል የሚደረግ ድርድር፥ ሕግ ካልገባበት በቀር፥ ድርድር ሊባል አይችልም።

ደግሞም የዚህ ሥራ ጠባይ ሌላ ነው። በአነስተኛ የውኃ ኃይል ሥራ ወጪው ሁሉ ማለት ይቻላል በመጀመሪያ የሚፈስስ ነው፤ የውኃ መጥለፊያው፥ ቦዩ፥ ቱቦው፥ ተርባይኑና ጄነሬተሩ በአንድ ጊዜ ይገዛሉ፥ ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ውኃው በነፃ ይፈስሳል። ስለዚህ አበዳሪ ባንክ የሚጠይቀው ጥያቄ «ወንዙ አለ ወይ?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «ለ15 ወይም ለ20 ዓመት የሚገዛችሁ ማን ነው? በስንት?» ይላል። የዚህ መልስ በወረቀት ካልሰፈረ ብድር የለም፤ ብድር ከሌለ ተርባይን የለም። ወንዙ ግን እንደ ወትሮው ይፈስሳል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ነው።

ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ሥራው በሁለት ተቋሞች ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፥ በትልልቁም መስመር ያስተላልፋል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለደንበኛው ያከፋፍላል። ሕዝቡ ዛሬም ሁለቱን በአንድ ስም «መብራት ኃይል» ይላቸዋል። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የግል አመንጪ ፈቃድ አውጥቶ እንዲያመነጭ በር ከፍቷል፤ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010ም ተከትሏል። በሩስ ተከፈተ፤ ግን የገባው ማን ነው?

የኮርቤቲን የእንፋሎት ኃይል ነገር ያስቧል። የመጀመሪያው የግዢ ውል በ2007 ዓ.ም. ተፈረመ። ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት ሰባት ተኩል የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ከቱሉ ሞዬ ጋር ዳግመኛ ተፈረመ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ተሻሽሎ ተፈረመ። ስለ ውጭ ምንዛሪ፥ ስለ መንግሥት ዋስትናና ስለ ግልግል ዳኝነት ዓመታት የፈጀ ድርድር ተካሄደ። በ2012 ዓ.ም. ለጋድና ለዲቼቶ የፀሐይ ጣቢያዎች የተፈረመው ደግሞ በኪሎ ዋት ሰዓት ሁለት ተኩል ሳንቲም ገደማ ነበርና በርካሽነቱ ብዙ ተጨበጨበለት፤ ሆኖም ጣቢያዎቹ አልተሠሩም። ይህን የምንለው በድካማቸው ለመሳለቅ አይደለም፤ የምድርን እንፋሎት ቆፍሮ ማውጣት ቀላል ሥራ እንዳልሆነ የምሕንድስና ተማሪ ሁሉ ያውቃል። እኛ የምንለው ይህን ነው፤ ለትልልቆቹ ሦስት ጊዜ ውል ለመጻፍ ጊዜና ጠበቃ ከተገኘ፥ ለትንንሾቹ አንድ ጊዜ ለመጻፍ እንዴት ጊዜ ይጠፋል?

በዶላር መዋዋል ምን እንደሚያስከትልም አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሰባት ተኩል ሳንቲም በ57 ብር ሒሳብ 4 ብር ከ30 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ዶላሩ 110 ብር ሲደርስ ግን 8 ብር ከ25 ሳንቲም ይሆናል። ኤሌክትሪኩ አልጨመረም፤ ተርባይኑም አልፈጠነም፤ ዕዳው ብቻ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። በወንዝ ዳር ያለው ማኅበር ግን ግንበኛውን፥ ቦይ ቆፋሪውንና ጥበቃውን የሚከፍለው በብር ነው። ተርባይኑን ከውጭ ቢያስመጣ እንኳ ከወጪው ብዙውን በአገር ገንዘብ ሊዋዋል ይችላል። ታዲያ ለአገር ካዝና ይበልጥ የሚመቸው ሻጭ ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ከእኛ በፊት በሌሎች አገሮች ተነሥቷል። መልሱንም ሕግ ሰጥቶታል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሕግ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ከአነስተኛ አመንጪዎች የመግዛት ግዴታ እንዳለባቸው ደነገገ። ዋጋውንም እንዲህ መዘነው፤ ኩባንያው ያንኑ ኤሌክትሪክ ራሱ ቢያመነጭ ወይም ከሌላ ቢገዛ ምን ያወጣ ነበር? ከዚያ የዳነውን ወጪ ለትንሹ ይክፈለው። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሕግ አምስት አንቀጽ ብቻ ነበር፤ ግን ኩባንያዎቹ የነፋስንና የፀሐይን ኃይል ለደንበኛ ከሚሸጡበት አማካይ ዋጋ 90 በመቶ እየከፈሉ እንዲገዙ አስገደዳቸው። ለዚያ ሕግ ከተሟገቱት መካከል በባቫርያ ወንዞች ላይ አሮጌ አነስተኛ የውኃ ጣቢያ የነበራቸው ሰዎች ይገኙባቸዋል። ስሪላንካ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ እስከ 10 ሜጋ ዋት ለሚያመነጩ አንድ መደበኛ ውል አወጣች፤ በዚያም ውል ከመቶ በላይ አነስተኛ የውኃ ጣቢያዎች ተሠሩ። ታንዛንያም ከ2008ቱ የኤሌክትሪክ ሕግ በኋላ ይህንኑ መንገድ ያዘች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው የምዌንጋ 4 ሜጋ ዋት የውኃ ጣቢያ ለአካባቢው መንደሮች መብራት እየሰጠ የተረፈውን ለመንግሥቱ ኩባንያ የሚሸጥ ነው።

መደበኛ ውል ሁሉን ይፈውሳል አንልም። በካሊፎርንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጣው መደበኛ ውል ዋጋውን «የነዳጅ ዋጋ እየናረ ይሄዳል» በሚል ግምት ለብዙ ዓመት አሰረው። ነዳጁ ረከሰ፤ ፈራሚው ግን በዛ፤ በ1985 ውሉ ሲታገድ ሕዝቡ ለዓመታት የሚከፍለው ውድ ሒሳብ ተከምሮ ቆይቶታል። በታንዛንያ ደግሞ ውሉ መልካም ሆኖ ሳለ ገዢው ሒሳቡን ለወራት እያዘገየ ትንንሾቹን አስጨንቋል። እንግዲህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። ዋጋው በየጊዜው በአዲስ ፈራሚ ላይ የሚከለስ ይሁን፤ የከፋዩም እጅ በሕግ ይታሰር።

የክፍያ መዘግየት ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ ሒሳቡን እንሥራ። ለምሳሌ 500 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ አንድ ጣቢያ ይኑር እንበል፤ በጋው ወንዙን ስለሚያደርቀው በዓመት የሚያመነጨው የአቅሙን ግማሽ ነው ብንል 2,190,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ዋጋው 3 ብር ቢሆን የዓመት ገቢው 6,570,000 ብር ነው። ገዢው አራት ወር ቢያዘገይበት 2,190,000 ብር በሌላ ሰው ኪስ ተቀመጠ ማለት ነው። ትልቁ ኩባንያ አራት ወር ይታገሣል፤ የመንግሥት ዋስትናም አለው። ማኅበሩ ግን በአራተኛው ወር የባንኩ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ በአምስተኛው መካኒኩ ጥሎት ይሄዳል። የጠበቃው ነገርም እንዲሁ ነው። የ500 ሜጋ ዋት ውልና የ500 ኪሎ ዋት ውል ለመጻፍ የሚፈጀው ድካም እምብዛም አይለያይም፤ የመጀመሪያው ግን ያን ወጪ በሺህ እጥፍ ኤሌክትሪክ ላይ ያካፍለዋል። ትንሹን የሚገድለው የዋጋው ማነስ ብቻ አይደለም፤ ገና ሳይጀምር ድርድሩ ራሱ ይጨርሰዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ምሰሶው የመጣ ዕለት የሚሆነው ነው።

በእ.ኤ.አ. 2010ዎቹ መጀመሪያ በሲዳማ በጎቤቾና በኤረርቴ ጥቂት ኪሎ ዋት የሚያመነጩ የውኃ ተርባይኖች ለመንደሮች ተተክለው ነበር። በሌላም ስፍራ እንዲህ ያለ ሥራ የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሁሉም አንድ ፍርሃት አለባቸው። ዋናው መስመር ነገ ቢመጣስ? ሕዝቡ ወደ ርካሹ መስመር ይዞራል፤ የማኅበሩ ተርባይን ዝገት ይበላዋል፤ የደከሙበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህ የሐሳብ ፍርሃት አይደለም። በስሪላንካ መስመሩ ሲደርስ ከመቶ በላይ የመንደር የውኃ ጣቢያዎች ተዘጉ፤ ከመስመሩ ጋር ተገናኝተው ኤሌክትሪካቸውን መሸጥ የቻሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለትልልቆቹ መንገድ የከፈተው መደበኛ ውል ለመንደሩ ጣቢያ አልደረሰለትም ነበርና። በካምቦዲያ ግን መንግሥት በሕግና በፈቃድ ስለ ደገፋቸው፥ ከሁለት መቶ በላይ የሚሆኑ የመንደር አመንጪዎች ከዋናው መስመር እየገዙ የሚያከፋፍሉ ነጋዴዎች ሆነው ኖሩ። በሁለቱም አገር የመጣው ያው ምሰሶ ነው፤ የለያቸው ወረቀት ነው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2020 የኢነርጂ ባለሥልጣን የሚኒ ግሪድ መመሪያ ማውጣቱ በጎ ጅምር ነው፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን መመሪያ ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ገንዘብ አይከፍልም። በተወሰነ ዋጋ «እገዛሃለሁ» ብሎ የሚፈርም ገዢ ያለበት፥ ማንም አነስተኛ ሻጭ በአደባባይ አግኝቶ የሚያነበው መደበኛ ውል እኛ አላየንም። ወጥቶ ከሆነ ይለጠፍ፤ እኛም ደስ ብሎን አባዝተን እናድላለን።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንመለስ። ሦስት ነገር ይሉናል።

አንደኛ፥ «ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ታላቅ ግድብ የመረቀች አገር የ30 ኪሎ ዋት ተርባይን ምን ያደርግላታል?» ይላሉ። ግድቡ የሕዝባችን ላብ ነው፤ እንኮራበታለን። ነገር ግን በጨለማ ያለውን መንደር ጨለማ ያደረገው የግድብ እጥረት ብቻ ነውን? መንደሩ የጎደለው ሽቦ፥ ምሰሶና ትራንስፎርመር ነው። ኤሌክትሪኩ ከጉባ ተነሥቶ ከሩቅ ቆላ ጎጆ እስኪደርስ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ይጠይቃል፤ በጉዞውም ከፊሉ በሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በመስመሩ ጫፍ ያለ ትንሽ ጣቢያ ግን በዚያው በጫፉ ቮልቴጁን ይደግፋል። ትልቁ ግድብ ትንሹን ወንዝ አያስንቅም፤ ዓባይም ከገባሮቹ ነው ዓባይ የሆነው።

ሁለተኛ፥ «የትንሹ ኤሌክትሪክ ውድ ነው፤ መብራት ኃይል በኪሣራ ሊገዛ ነው» ይላሉ። ታሪፉ ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ሳይለወጥ መቆየቱንና ከዚያ ወዲህ እየተከለሰ መሆኑን እናውቃለን፤ ተቋሙ የተሸከመውንም ዕዳ አንዘነጋም። ስለዚህ ነው የዋጋው ሚዛን የዳነው ወጪ ይሁን የምንለው። ገዢው በዚያ ስፍራ ናፍጣ ያነድድ ከነበረ የናፍጣው ወጪ፥ መስመር ይዘረጋ ከነበረ የመስመሩ ወጪ ይታሰብ። ከዚያ በላይ ይከፈል አላልንም። ሻጩ በገዢው ኪሣራ አይክበር፤ ገዢውም በሻጩ ድካም አይትረፍ።

ሦስተኛ፥ «ለአትራፊ ነጋዴ በር መክፈት ነው፤ የመስመሩም ደኅንነት ይናጋል» ይላሉ። የመጀመሪያው አባባል ያስቀናል፤ በሩ ለትልቁ አትራፊ ተከፍቶ ሳለ ትዝ ያላለ ሥጋት ለገበሬ ማኅበር ሲሆን እንዴት ትዝ አለ? ምሥጢር የሚበቅለው እያንዳንዱ ለብቻው በተዘጋ ቤት ሲደራደር ነው፤ ለሁሉም አንድ የሆነ፥ የታተመ ውል ለጉቦ ቦታ አይተውም። ሁለተኛው ግን እውነት አለበት። መስመሩ ለጥገና ተዘግቶ ሳለ ትንሹ ጄነሬተር ሳይቋረጥ ቢቀር በምሰሶው ላይ ያለው ሠራተኛ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ራሱን በራሱ የሚያላቅቅ መከላከያ፥ የቮልቴጅና የድግግሞሽ ልክ በውሉ ይጻፍ፤ ያላሟላ አይገናኝ። ይህ ውሉን ለማስቀረት ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም ውሉ እንዲጻፍ ያስገድዳል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ውል እነዚህን አምስት ነገሮች ይያዝ እንላለን።

1ኛ፥ የደኅንነቱን መሥፈርት ካሟላ አነስተኛ አመንጪ ሁሉ ገዢው የመግዛት ግዴታ ይኑርበት።

2ኛ፥ ዋጋው በዳነው ወጪ ተሰልቶ፥ በብር ተጽፎ፥ በየዓመቱ ለአዲስ ፈራሚዎች ይታተም፤ አንድ ጊዜ ለፈረመ ግን ከዋጋ ንረት ጋር የሚስተካከልበት ስልት ተቀምጦለት እስከ ውሉ ፍጻሜ ይጽና።

3ኛ፥ ሒሳብ በተወሰነ ቀን ይከፈል፤ ቢዘገይ ወለድ ይታሰብ፤ ለዚህም የሚሆን ተቀማጭ አስቀድሞ ይያዝ።

4ኛ፥ ጣቢያው ለማቅረብ ዝግጁ ሆኖ ሳለ በገዢው መስመር መበላሸት ሳይሸጥ ለቀረ ኤሌክትሪክ፥ ከተወሰነ ሰዓት በላይ ሲሆን ካሣ ይከፈል። ቆጣሪውም ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ይታሸግ፥ ይመርመር።

5ኛ፥ ዋናው መስመር ሲደርስ ማኅበሩ ከሦስቱ አንዱን ይምረጥ፤ ወይ ለመስመሩ ሻጭ ይሁን፥ ወይ ከመስመሩ ገዝቶ አከፋፋይ ይሁን፥ ወይ የንብረቱን ተገቢ ዋጋ ተቀብሎ ያስረክብ።

ይህን መንግሥት ብቻ ይጻፈው ብለን እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥ አይደለንም። የሕግ ተማሪዎች ረቂቁን ለመጻፍ፥ የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች የዳነውን ወጪ ለማስላት፥ የምሕንድስና ተማሪዎች የመገናኛውን መሥፈርት ለማውጣት ምን ይጎድላቸዋል? የቋንቋ ተማሪዎችም አሉ፤ ገበሬው የማያነበው ውል ገበሬውን አያስርምና፥ በሕዝቡ ቋንቋዎች መጻፉን እነርሱ ይቆጣጠሩ። መምህራኖቻችን ሆይ፥ በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ አርእስት ትሰጡናላችሁ፤ ብዙዎቹም በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። ከእነዚያ አንዱ ይህ ረቂቅ እንዲሆን ምሩን። የኅብረታችን ጉባኤም ረቂቁ ሲያልቅ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በይፋ እንዲቀርብ ይወስን ዘንድ ሐሳብ አቅርበናል።

አገር በታላላቅ ግድቦች ብቻ አትበራም። በሺህ ወንዞች ዳር ሺህ ትንንሽ ሠራተኞች አሉ፤ ማዋጣት የሚችሉትን ገንዘብ፥ ጉልበትና መሬት ይዘው የሚጠብቁት ምጽዋት አይደለም። የሚጠብቁት ከአንድ ገዢ አንድ ፊርማ ነው። ለትልቁ ሦስት ጊዜ የፈረመች እጅ ለትንሹ አንድ ጊዜ ትፈርም።